የአደን ጠመንጃ ፈቃድና የፖሊስ አዛዥ ሥልጣን

(በማኅበራችን የውይይት ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በብሪታንያ ስላለው የአደን ጠመንጃ ፈቃድ አሰጣጥ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ቢሆንም፥ ሕግ ለባለ ሥልጣን አስተያየት በተወው ቦታ ላይ እንዴት ይፈረዳል የሚለው ጥያቄ የሁላችንም ነው።

በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ ሁለት መንገድ ያሳያል። ራይፍል የሚፈልግ ሰው በቂ ምክንያት እንዳለው ማስረዳት አለበት። እርሳስ የሚበትነውን ሾትገን ለሚፈልግ ግን፥ ለሕዝብ ደኅንነትና ለሰላም አስጊ አለመሆኑን የፖሊስ አዛዡ ካመነ፥ ፈቃዱ «ይሰጠዋል» እንጂ «ሊሰጠው ይችላል» አይልም። ከሃንገርፎርድ እልቂት በኋላ በ1988 በተደረገው ማሻሻያ፥ አመልካቹ በቂ ምክንያት እንደሌለው አዛዡ ካረጋገጠ መከልከል ይችላል።

እንግዲህ ሥልጣኑ ሁሉ የተንጠለጠለው «አስጊ» በምትለው ቃል ላይ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የተከለከለ ሰው ለክራውን ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ነገር ግን ፈቃድ በስሕተት ሲሰጥ ይግባኝ የሚል ማን ነው? ጎረቤቱ መሰጠቱን እንኳ አያውቅም።

የፕሊመዝ ከተማ ነገር ይህን ያስረዳል። አንድ ወጣት በ2020 ሁለት ልጆችን በመደብደቡ ጠመንጃውና ፈቃዱ ተወሰዱበት፤ በሐምሌ 2021 ግን ተመለሱለት። በነሐሴ 12 ቀን፥ የሦስት ዓመት ሕፃን ጭምር አምስት ሰዎች ገደለ። በ2023 የአሟሟቱን ምክንያት የመረመሩት ዳኞች (ጁሪ) በፈቃድ ሰጪው ክፍል ላይ ከባድ ጉድለት አገኙ። ከዳንብሌን እልቂት በኋላ ሎርድ ካለን በ1996 ያቀረቡት የሠራተኞች ሥልጠና ምክር በሥራ ላይ አለመዋሉንም ነቀፉ።

አንዳንዶች የአዛዡ ሥልጣን ይጥበብ ይላሉ፤ ሌሎች ይስፋ ይላሉ። በእኔ አስተያየት ችግሩ በስፋቱ ላይ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጥ ሹም እንደሚከለክለው ሁሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ የተወሰደ መሣሪያ ሲመለስ ጉዳዩን ሌላ ከፍተኛ ሹም ይየው፤ መርማሪውም ሥራውን ተምሮ ይግባበት። እንዲህ ሲሆን ገበሬው ያለ በደል ጠመንጃውን ይይዛል፤ ጎረቤቱም ያለ ሥጋት ያድራል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።