ኮምፒውተር ሌት ተቀን ቢሠራ ያልቃልን?

(ለማኅበራችን አባላት የቀረበ ንግግር)



ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት በየቤታችሁ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ኮምፒውተሩ ይጥፋ ወይስ እንደ በራ ይደር? ሰንበት ከገባ ወዲያ የሚነካው ስለሌለ፣ ከበራ እስከ ቅዳሜ ማታ 25 ሰዓት ያህል ሳያርፍ ይሠራል ማለት ነው። ለልጆች ትምህርት ተብሎ ከደመወዝ ተቆጥቦ የተገዛ ዕቃ ነውና «ያልቅብናል» ብላችሁ ብትሠጉ አይፈረድባችሁም።

በመጀመሪያ የሚያልቀው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በኮምፒውተር ውስጥ የሚሽከረከሩት ማራገቢያውና በቆየው ዓይነት ላይ የሚገኘው ሃርድ ዲስክ ሲሆኑ፣ እነዚህ ውለው አድረው ያረጃሉ። በአዳዲሶቹ ውስጥ የገባው ኤስኤስዲ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ በዋናነት የሚያረጀው በሚጻፍበት መረጃ ብዛት ነው።

ማጥፋትና ማብራትም ቢሆን ያለ ዋጋ አይደለም። በአገር ቤት የሸክላ ምጣድ የሚሰነጠቀው ድንገት ሲግል ወይም ድንገት ሲቀዘቅዝ መሆኑን እናቶች ያውቃሉ። በኮምፒውተር ውስጥ የተበየዱት መገጣጠሚያዎችም በጋሉና በቀዘቀዙ ቁጥር ይለጠጣሉ፣ ይኮማተራሉ። ይሁን እንጂ በቀን አንድ ጊዜ ማጥፋትን የዛሬ ኮምፒውተር በሚገባ ይችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጉግል ከ100,000 በላይ ሃርድ ዲስኮችን መርምሮ ያወጣው ጥናትም፣ ሥራ የበዛበት ዲስክ ቶሎ ይበላሻል የሚለው እምነት የተባለውን ያህል እንዳልሆነ አሳይቷል።

እንግዲህ ዋናው ጠላት ሰዓቱ ካልሆነ ምንድን ነው? ሙቀት፣ አቧራና የመብራት መቋረጥ ናቸው። በኢትዮጵያ መንገድና በነቢያት መንገድ አካባቢ እንደሚገኙት ባሉ አሮጌ የድንጋይ ቤቶች መስኮት ከፍቶ መዋል የተለመደ ነው፤ ሻራቭ ሲነፍስ ግን አቧራው ገብቶ ማራገቢያውን ይደፍናል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ አትዝጉበት፤ ከግድግዳም አታጣብቁት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 በረዶው በከተማችን ብዙ ቤቶችን መብራት እንዳሳጣ ታስታውሳላችሁ። መብራት በድንገት ሲሄድ በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ኮምፒውተርን በሻባት ሰዓት ላይ አትሰኩት፤ እርሱም ሳያስጠነቅቅ ነው የሚቆርጠው።

ወጪውንም አስቡ። 60 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር ማንም በማይነካው 16 ሰዓት ውስጥ ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይበላል። ዕቃው ባያልቅ እንኳ ገንዘቡ ያልቃል። በመሆኑም ሥራ ከሌለው ሰንበት ሳይገባ በሥርዓቱ አጥፉት፤ በርቶ ቢያድርም አትደንግጡ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዙ። የሚሠራውም ዲስክ፣ የሚያርፈውም ዲስክ አንድ ቀን ይሞታል። ጎንደር የቀሩ ዘመዶች ፎቶግራፍ፣ የአያቶች ድምፅ፣ የቤተሰብ ሰነድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ካለ፣ በሌላ ዲስክ ግልባጭ አድርጉና ሌላ ቤት አስቀምጡ። ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል፤ የአያት ድምፅ ግን የሚሸጥበት ሱቅ የለም። ልጆቻችሁ ያውቁበታልና በዚህ ሳምንት አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሥሩት።