ቅድሚያ መስጠት ማፍጠን አይደለም፦ የኮምፒውተር ሒደቶች ተራና የሙዚቃ ሶፍትዌር

(በልደታ፣ አዲስ አበባ ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር)



በማኅሌት የቆመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከበሮ በልኩ ቢመታም ጊዜውን ካሳለፈ ዜማውን ያፈርሳል። በድምፅ ቀረጻም ኮምፒውተሩ ከሰዓቱ ዘግይቶ የሚያደርሰው ትክክለኛ ውጤት ከስሕተት አይለይም።

ክራር ወይም ማሲንቆ በኮምፒውተር ስንቀርጽ ድምፁ በተለመደው አሠራር በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። ልኬቶቹ ቋት በምንለው ጊዜያዊ ማቆያ እየተጠራቀሙ ይተላለፋሉ። ቋቱ 256 ልኬት የሚይዝ ከሆነ ሶፍትዌሩ ሥራውን የሚጨርስበት ጊዜ 5.8 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ፕሮሰሰሩ ቫይረስ በማሰስ ወይም ማሻሻያ በመጫን ከተጠመደ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ድምፃዊው ዳግም ላያገኘው የሚችለው ስሜትም አብሮ ይጠፋል። ወጣት ሙዚቀኞቻችን ያን ጊዜ በውድ ዋጋ አዲስ ኮምፒውተር መግዛትን ያስባሉ። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የአቅም ሳይሆን የተራ ነው።

ተራውን የሚወስነው ሥርዓተ ክወናው ነው። ዊንዶውስ ከ0 እስከ 31 ባሉ ደረጃዎች ይሠራል፤ ከ16 ጀምሮ ያሉት «ሪልታይም» ለሚባለው ክፍል የተለዩ ናቸው። ሊነክስ ለመደበኛ ሒደቶች ከ−20 እስከ 19 ያለውን መለኪያ ይጠቀማል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቅድሚያው ይጨምራል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገሰግስ አምቡላንስ መንገድ የሚለቀቅለት ሳይረን የሚያሰማው እርሱ ብቻ ሲሆን ነው። መንገድ መልቀቅም የሞተሩን ጉልበት አይጨምርም። የሙዚቃ ሶፍትዌሩን በሙሉ «ሪልታይም» ብናደርገው የዲስክን፣ የማውዝንና የኪቦርድን ሥራ ሊያግድ ይችላል። ባለቅድሚያው ራሱ ደግሞ ዝቅተኛውን ለመጠበቅ የሚገደድበት ጊዜ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር በተደጋጋሚ ራሷን እንደ አዲስ ታስነሣ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። በመጀመሪያ ቋቱን እናስተካክል፤ ስንቀርጽ አነስ ይበል፣ ስናቀናብር ግን 512 ወይም 1,024 ቢሆን አይጎዳም። ቀጥሎ በስተጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች እንዝጋ፤ ላፕቶፑንም ከኃይል ቁጠባ እናውጣው። ቅድሚያውን የምንነካው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም በታስክ ማናጀር ከ«መደበኛ» አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ በማድረግ። ብዙዎቹ የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ድምፁን የሚያስተናግደውን ክፍላቸውን ራሳቸው ከፍ ስለሚያደርጉ፣ የእኛ ጣልቃ ገብነት ጥቅሙ ትንሽ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ያንኑ ዜማ ከለውጡ በፊትና በኋላ አጫውተን እናመሳክር፤ ልዩነት ካልሰማን ወደነበረበት እንመልሰው።