የሃምሳ አለቃው ግራ እግር



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ አንድ ባለውለታሽ ተናገሪ» ሲለኝ፣ ከመምህሮቻችን አንዱን እንደማነሳ ጠብቃችሁ ይሆናል። መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝና የማወራው ስለ እናቴ ወንድም ነው። ጎንደርን የረገጠው አንድ ቀን ብቻ፣ ለምረቃችን በክራንች ከደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሲመጣ ነው።

ሰፈሩ በሙሉ «ሃምሳ አለቃ» ይለዋል፤ ለእኔ ጋሼ ነው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲወር የሃያ ሦስት ዓመት ወታደር ነበር። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ስትለቀቅም እዚያው ነበር። ሰው ስለ ካራማራ ሲጠይቀው ግን ስለ ውሃ ጥም ብቻ ነበር የሚያወራው። ግራ እግሩን ያጣው ደግሞ በውጊያው አይደለም፤ ድሉ ካለፈ በኋላ መንገድ ዳር የቀረ ፈንጂ ረግጦ ነው። ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ከዚያ በሠራዊቱ ግምጃ ቤት ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አንድ ሻንጣ ይዞ እኛ ቤት መጣ። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

በራችን ላይ ጫማ መስፋት ጀመረ። ለራሱ ጫማ መግዛት ግን ያናድደው ነበር፤ የሁለት ከፍሎ አንዱን ነው የሚጫማው። በኋላ ቀኝ እግሩን ያጣ ሌላ የቀድሞ ወታደር አገኘ። ሁለቱም ቁጥር 41! ከዚያ ወዲህ አንድ ጥንድ በጋራ ገዝተው መካፈል ሆነ። በቀለም ሲጨቃጨቁ መስማት ትልቅ መዝናኛችን ነበር።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። አንድ ሌሊት ጋሼ ቀሰቀሰኝና «እስቲ ትንሿን የእግሬን ጣት እከኪልኝ» አለኝ። ተነስቼ ወደ ቀኙ ስሄድ «እሱን አይደለም፤ የግራውን» አለ። ሳቅኩ። መሳቄ ሳያንስ በማግስቱ ቡና ላይ ለጎረቤት አወራሁት። ሁሉም ሳቀ። አንዷ «ጠበል ውሰዱት እንጂ» አለች። ጋሼ ስኒውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እግሩ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም። ግን እኮ እዚያው ክፍል ነው የምንተኛው። ሌሊት ሌሊት የተቆረጠውን ጫፍ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ ሲቀመጥ አያለሁ። አይቼም ዝም እላለሁ።

ጎንደር የገባሁት በ1991 ነው፤ እንደምታስታውሱት ኮሌጅ ሳለ ገብተን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ነው የወጣነው። ቀዶ ሕክምና ስንማር መምህራችን ስለ እግር መቁረጥ ሲያስረዱ በመሃል እግረ መንገዳቸውን አንድ ነገር ጣል አደረጉ። የተቆረጠው እግር ሊያሳክክም ሊያምም ይችላል፤ በሽተኛው እየዋሸም አይደለም፣ አላበደምም። ዊር ሚቸል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት የቆሰሉትን ሲያክም አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1871 «ፋንተም ሊምብ» ብሎ ሰይሞታል። መምህራችን ይህን ብለው ወደ ቁስል አያያዝ አለፉ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

ለእረፍት ቤት ስገባ ሻንጣዬን ሳልፈታ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ያ የሌሊቱ ነገር የታወቀ ሕመም ነው። ስም አለው።»

ወስፌውን አስቀመጠ። «ሌላም ሰው ያመዋል?»

«እጅ ወይ እግር የተቆረጠባቸውን አብዛኞቹን።»

«አብዛኞቹን?» ዝም አለ። ቆይቶ «ያ ጫማ የምንካፈለው ሰውዬስ?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ጠይቀዋ።»

መሽቷል ብንለው አልሰማም፣ ክራንቹን አንስቶ ወጣ። ተያይዘው ተመለሱ። ያን ሁሉ ዓመት ጫማ ሲካፈሉ አንዱም ለአንዱ አልነገረውም ነበር! እናቴ በዚያ ሌሊት ሁለት ጊዜ ቡና አፈላች።

በኋላ ለቡድን ሥልጠና ቆላ ድባ ስንመደብ ክራንች የያዘ ሰው ካየሁ ሳልጠይቅ አላልፍም ነበር። ጓደኞቼ ይቀልዱብኝ ነበር፤ እዚህ የተቀመጣችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ጋሼ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ማታ ማታ የሚወሰድ ትንሽ አሚትሪፕቲሊን ታዘዘለት። ሕመሙ አልጠፋም፤ እንቅልፍ ግን አገኘ። እኔም ከተመረቅኩ በኋላ ስለ ራማቻንድራን የመስታወት ሕክምና አነበብኩና የቁም ሳጥኑን መስታወት ነቅዬ በእግሮቹ መሃል አቆምኩለት። መስታወቱ ውስጥ ቀኙ እግር ግራ ሆኖ ይታያል። «ጣቶችህን አንቀሳቅስ» አልኩት። አንቀሳቀሰ። ላብ አጠመቀው፤ ከዚያ «ተፈታ» አለ። ሃያ ዓመት በላይ እንደ ቡጢ ተጨብጠው የኖሩ ጣቶች ማለቱ ነው። ለሁሉም ሰው አይሠራም፤ ብዙ ሞክሬ ያልተሳካልኝ አለ። ለእሱ ግን ሠራለት፤ መስታወቱም ወደ ቁም ሳጥኑ አልተመለሰም።

ከአራት ዓመት በፊት አረፈ። ጓደኛው ለቅሶ ሲመጣ አዲሱን ግራ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ቀኙ ገና ሳይረገጥ ጋሼ አልጋ ሥር ነው ያለው።

አሁን ለምታስተምሩት አንድ ልመና አለኝ። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ እጅና እግራቸውን ያጡ ስንት ልጆች በየክፍላችን እንዳለፉ እኔ አልነግራችሁም። ተማሪዎቻችሁ ቁስሉን ብቻ አይተው ካርዱን እንዳይዘጉ አደራ። «የሌለው እግርህ ያምሃል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሳይጠየቅ የሚናገር የለም፤ እንዲሳቅበት የሚፈልግ ማን አለ?

ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሦስት ረጃጅም መስታወት ይዤ መጥቻለሁ። መኪናዬ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል፤ ከምሳ በኋላ ሁለት ጉልበት ያላችሁ ሰዎች ብታወርዱልኝ።