አረር ከዒላማ በታች ሲያርፍ



የአደን ጠመንጃ ሲሞከር አረሩ ካነጣጠርንበት በታች ያረፈ እንደሆነ፥ ብዙዎቻችን ወዲያው የማነጣጠሪያውን መዘውር እናዞራለን። እኛ ግን አስቀድሞ ምክንያቱ ይመርመር እንላለን። ነገሩ ወረቀት መብሳት ብቻ አይደለምና፤ ደረቱን ሳይሆን እግሩን የተመታ አጋዘን ጫካ ገብቶ ብዙ ሲማቅቅ ቆይቶ ይሞታል።

አረር ከአፈሙዝ እንደወጣ ምድር ትስበዋለች። በሴኮንድ 850 ሜትር የሚነሣ አረር 100 ሜትር እስኪደርስ 7 ወይም 8 ሣንቲሜትር ይወርዳል። ማነጣጠሪያም የሚስተካከለው ይህንኑ ለማካካስ ነው።

መነጽሩ ከአፈሙዙ 5 ሣንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ጠመንጃ በ25 ሜትር ልክ ከመታ፥ በ100 ሜትር ከፍ አድርጎ መምታት አለበት። ዝቅ ካደረገ ጥርጣሬ ይገባል። ሦስት ጥይት ይተኮስ። ቀዳዳዎቹ ከተበታተኑ አብዛኛውን ጊዜ የመነጽሩ መያዣ ብሎን ላልቷል፤ ወይም ተኳሹ ቃታውን ይነጥቃል። ተሰብስበው ዝቅ ካሉ ግን የጥይቱ ዓይነት ተለውጦ ይሆናል፤ ከባድ አረር ዘግየት ብሎ ይወጣልና። ርቀቱም በግምት ከሆነ በሜትር ይለካ።

አንዳንድ ጓደኞች አየሩን ይከሳሉ። እርግጥ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ የሳሳ ነው፤ እዚህ የተስተካከለ ጠመንጃ ቆላ ቢወርድ በ300 ሜትር ልዩነቱ ይታያል። በ100 ሜትር ግን ልዩነቱ በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው፤ ለላላ ብሎን አየር ጥፋተኛ አይሆንም! ብሎኑን አጥብቆ፥ አፈሙዙ እስኪበርድ ታግሶ፥ ከዚያው ሣጥን በወጡ ሦስት ጥይቶች እንደገና መሞከር ነው።