«ባቡር» በቀደምት ጋዜጦቻችን



በድሬዳዋ ላይ ቆሞ ስለ «ባቡር» መናገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ሊቆጠር ይችላል። ከተማችን የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ስለ ደረሰ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉን አብዝተን የምናውቀው መምሰላችን ራሱ፣ የምኒልክን ዘመን «አእምሮ» ወይም በ1917 ዓ.ም. የተጀመረውን «ብርሃንና ሰላም» በምናነብበት ጊዜ ያሰናክለናል።

የቃሉ መነሻ እንፋሎት ማለት የሆነው የጣሊያንኛው «ቫፖሬ» ነው። በሜዲትራኒያን ወደቦች ስሙ ከእንፋሎቱ ወደ መርከቡ ተሻገረ፤ ቱርኮች «ቫፑር»፣ ዐረቦች «ዋቡር» እና «ባቡር» አሉት። በእኛም ዘንድ በእንፋሎት የሚሄደው መርከብ ባቡር ይባል ነበር። ለዚህም ነው ሐዲድ ሲዘረጋ «የምድር ባቡር» ማለት ያስፈለገው። ዛሬ «ምድር» የሚለው ቅጽል ትርፍ ይመስለናል፤ የባሕሩ ባቡር ከአንደበታችን ስለ ጠፋ ነው እንጂ ያን ጊዜስ ያለ እርሱ ነገሩ አይለይም ነበር። አንድ መኰንን «ከጅቡቲ ባቡር ተሳፈሩ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ ወይስ ወደ ድሬዳዋ ተመለሱ? መልሱን የሚሰጡት በአጠገቡ ያሉት ቃላት ናቸው፤ መልሕቅና ወደብ አለ ወይስ ጣቢያ?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ለምኒልክ ያስመጣው የእንፋሎት መኪና ሐዲድ የማያውቀው፣ በአፈር መንገድ የሚሄድ ነበር፤ ሕዝቡ ግን «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በሞተር የሚፈጨውም ወፍጮ እንዲሁ ባቡር ተባለ፤ እህሏን ተሸክማ «ባቡር ቤት» የምትሄድ ሴት ትኬት አትቆርጥም።

ቀደምት ጸሐፍት ቃል አጥሯቸው ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። እኛ ዕቃውን በመልኩ እንሰይማለን፤ እነርሱ የሰየሙት ጉልበቱን ነው። ያለ በሬ፣ ያለ በቅሎ፣ ያለ ነፋስ፣ በእሳትና በውኃ የሚሠራ ሁሉ አንድ ወገን ሆኖ ታያቸው። መርከቡና ወፍጮው በአንድ ስም መጠራታቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ እንግዳ አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ከዚህ አላመለጡም፤ ዛሬ አውቶሞቢል የሚባልበት «ካር» በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ጋዜጦች በብዙ ቁጥር ሲጻፍ የሐዲዱን ባቡር ያመለክት ነበር።

በከተማችን ግን ጉዳዩ የጥንት ብቻ አይደለም። በሶማልኛ «ባቡር» አውቶሞቢል ወይም የጭነት መኪና ነው፤ በሐዲድ የሚሄደው «ታሪን» ይባላል። በኦሮምኛ ደግሞ «ባቡራ» የሐዲዱ ባቡር ነው። በከፊራ ገበያ ሦስቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይነገራሉ። አንድ ሶማልኛ ተናጋሪ ስለ ደረሰ አደጋ «ባቡር ገጨው» ብሎ ሲመሰክር፣ ጸሐፊው ቃሉን እንደ ሰማው በአማርኛ ቢያሰፍረው፣ በመኪና መንገድ ላይ የሞተው ሰው ሐዲድ ላይ እንደ ሞተ ሆኖ ይመዘገባል። ተጠያቂውም ይለወጣል። እንዲህ ያለ ዜና በሌላ ማስረጃ ሳይመሳከር የሐዲዱ ታሪክ አካል መሆን የለበትም።

የድሮ ጋዜጦችን ወደ ኮምፒውተር የምታስገቡ ተማሪዎች እዚህ ላይ እንድትጠነቀቁ እለምናለሁ። ማሽኑ «ባቡር»ን ፈልጎ ሲያወጣላችሁ መርከቡንም፣ መኪናውንም፣ ወፍጮውንም በአንድ ዝርዝር ይሰጣችኋል። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ግሡን መዝግቡ፤ ተሳፈረ፣ መልሕቅ ጣለ፣ አስፈጨ። ቀኑንና የተጻፈበትን ቦታም አትርሱ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ እንፋሎት የሚባል ነገር የለውም፤ እኛ ግን ዛሬም ባቡር እንለዋለን።