ባለቤት ያቀለለው አሞሌ
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር



ዛሬ እንድንናገር የተሰጠን ርዕስ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነው። በዚህ ጉዳይ ማኅበራችን በሁለቱም ወንበር ተቀምጧል። አባሎቻችን ሥራ ፈልገው ተጠይቀዋል፤ እኛም ሠራተኛ ስንቀጥር ጠይቀናል። በሁለቱም ወንበር ላይ ተሳስተናል። የምንነግራችሁም ከስህተታችን የተማርነውን ነው።

በተጠያቂዋ ወንበር እንጀምር። አንዲት እህታችን ለንብረት ክፍል ሠራተኛነት አመልክታ ተጠራች። ሦስት ሰዎች ፊት ተቀመጠች። «የሥራ ልምድ አለሽ?» አሏት። «የለኝም፤ ቤት ነው የኖርኩት» አለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተሰናብታ ወጣች።

ይህችን እህት እኛ እናውቃታለን። የሰፈሯን እድር ዕቃ 9 ዓመት የያዘችው እሷ ናት። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ሳህኑን ቆጥራ ታወጣለች፤ አስፈርማ ትሰጣለች፤ መልሳ ቆጥራ ትረከባለች። የጎደለ ካለ ማን ዘንድ እንደቀረ ከመዝገቧ ታሳያለች። የንብረት ክፍል ሥራ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

«ለምን ይህን አልነገርሻቸውም?» ስንላት፣ «እሱ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ? ደመወዝ የለው!» አለችን። ሳቅን። ቆይተን ግን ዝም አልን፤ ሁላችንም እንደዚያው ነንና። ያደግነው «እኔ» ማለት ጉራ ነው እየተባልን ነው። ጨዋ ሴት አንገቷን ደፍታ ትሠራለች፤ ስለ ሥራዋ ሌላ ሰው ያወራላታል እንጂ እሷ አታወራም። በሰፈር ጎረቤት ይመሰክርልናል። በቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ ግን የሚመሰክርልን ጎረቤት የለም። «ባለቤት ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይባላል። አሞሌው ጨውነቱ አልጎደለም፤ የጎደለው ባለቤቱ የሰጠው ግምት ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ ጀመርን። አንዷ ትጠየቃለች፣ ሦስቱ ይጠይቃሉ፣ የቀረነው እናዳምጣለን። ማኅበራችን «እኛ» እያለ የቆመ ነው፤ በልምምዱ ሰዓት ግን «እኛ» ማለት ክልክል ነው። «ሠራን፣ አደረግን» የምትለዋን «አንቺስ? የአንቺ እጅ የቱ ጋ ነበር?» እንላታለን። እያንዳንዷ የሠራችውን አንድ ነገር ይዛ በሦስት ጥያቄ ታዘጋጃለች፦ ምን ችግር ነበር? እኔ ምን አደረግሁ? ምን ውጤት ተገኘ? ቁጥር ካላት ቁጥሯን ትጨምራለች።

ያቺ እህታችን ከሦስት ቅዳሜ በኋላ እንዲህ አለች፦ «የ120 አባወራ እድር ንብረት 9 ዓመት ይዣለሁ። ስረከብ መዝገብ አልነበረም፤ ዕቃም ይጠፋ ነበር። መዝገብ ከፈትኩ፤ ሳይፈርም የሚወስድ እንዳይኖር አደረግሁ። ባለፉት ሦስት ዓመታት በተደረገው ቆጠራ የጎደለ ዕቃ አልተገኘም።» ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንዲት ቃል ውሸትም የለበትም። ውሸትን አጥብቀን እንከለክላለን፤ ኮምፒውተር ሳትችል «እችላለሁ» ያለችን ሴት ኮምፒውተሩ ፊት ያስቀምጧታልና።

ሌላውን በአጭሩ እንንገራችሁ። ዋናውን ማስረጃና ኮፒውን ከዋዜማው አዘጋጂ። ቦታውን አስቀድመሽ እዪ፤ የታክሲ ሰልፍና የመንገድ መዘጋጋት ሰበብ አይሆንም። ጥያቄው ካልገባሽ «ቢደግሙልኝ?» ማለት ነውር አይደለም። ከመመለስሽ በፊት አንድ ጊዜ ተንፍሺ። «ደመወዝ ስንት ትፈልጊያለሽ?» ሲሉሽ «የሰጣችሁኝን» አትበዪ፤ ተመሳሳይ ሥራ ስንት እንደሚከፈልበት ቀድመሽ ጠይቂና አስበሽ የመጣሽበትን ተናገሪ። «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽም ይኑርሽ። ውሉ በጽሑፍ እንደሚሆን፣ የሙከራ ጊዜው ስንት እንደሆነ ጠይቂ፤ በሕግ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከመሥሪያ ቤት ውጭ፣ በማታ፣ ለብቻሽ «እንገናኝ» የሚልሽ ካለ ግን ያ ቃለ መጠይቅ አይደለም። አትሂጂ፤ ለእኛም ንገሪን።

አሁን ወደ ጠያቂው ወንበር እንምጣ። ይህን መናገር ይከብደናል። አምና ለቁጠባና ብድር ክፍላችን ገንዘብ ያዥ ስንቀጥር ሦስት ሆነን ተቀመጥን። መጀመሪያ የገባው ወንድ ነበር፤ ስለ ሒሳብ ጠየቅነው። ቀጥላ የገባችው ሴት ነበረች። «ባል አለሽ? ልጅ ስንት ነው? ሥራ ስትውዪ ማን ይይዝልሻል?» አልናት። ልጅቷ ዝም ብላ እጇን አየች። እኛም ከወጣች በኋላ እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን ይህን ጥያቄ ተጠይቃ ያላለቀሰች አልነበረችም። የሴቶች ማኅበር ሆነን፣ ያቆሰለንን ጥያቄ እኛው መልሰን ጠየቅን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 87 ሴቶች በጾታቸው ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባቸው ይከለክላል፤ ሴት ለቅጥር ተወዳድራ ከወንድ እኩል ውጤት ካመጣችም ቅድሚያ ለእሷ ነው ይላል። ይህን ለአባሎቻችን በሥልጠና የምናስተምረው እኛ ነበርን።

ቃለ መጠይቁን አቁመን እንደገና ጀመርን። ስድስት ጥያቄ በወረቀት ጻፍን፤ ለሁሉም ያንኑ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ጠየቅን። ነጥቡን ሳንነጋገር ለየብቻ ሰጥተን መጨረሻ ላይ አመሳከርን። የቀን ሒሳብ ሰጥተንም በፊታችን አዘጉ። በሥራው ያየነው በወሬ ከሰማነው ይበልጥ ነገረን። ያቺን ልጅ ደውለን ይቅርታ ጠየቅናት፤ እንደገና እንድትወዳደርም ጋበዝናት። አመሰገነችን፤ ግን አልመጣችም። ምን ያህል ጎበዝ ገንዘብ ያዥ እንዳጣን አናውቅም። በተጠያቂዋ ወንበር ላይ ራሳችንን እንዳቀለልን ሁሉ፣ በጠያቂው ወንበር ላይ ሌላዋን አቀለልን።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ «ስንቶቹ ሥራ ያዙ?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁሉም አልያዙም። ያቺ የእድር ንብረት ያዥ እህታችን ሁለተኛ ቦታ ተወዳድራ ተጠባባቂ ሆነች። የዚያን ቀን ወደ ማኅበሩ መጥታ «አላለፍኩም፤ ግን ሁሉንም ነገርኳቸው» አለች። ከሁለት ወር በኋላ ያለፈው ሰው ስላልቀጠለ ጠሯት። ዛሬ የመጋዘኑ ቁልፍ በእሷ እጅ ነው። ሲጠሯት ስሟን ያስታወሱት ግን ያን ዕለት አንገቷን ቀና አድርጋ ስለተናገረች ነው።

እህቶቻችን፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በደብተር ላይ «እኔ» ብላችሁ ጀምራችሁ የሠራችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። ቅዳሜ ይዛችሁት ኑ። እዚህ ያለን ቀጣሪዎች ደግሞ ለወንዱ የማንጠይቀውን ለሴቷ አንጠይቅ።