አንድ ወንበር ምን ይሠራል?

ስለ ቤት፣ ስለ ቅርስና ስለ ከተማ አስተዳደር ለከተማ መራጮች የተደረገ ንግግር





በየሰፈሩ ስንዞር፣ በየዕድሩ ድንኳንና በየቡናው ላይ የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው። «እሺ፣ መረጥናችሁ እንበል፤ ከ547 ሰው መካከል አንድ ሁለት ተቃዋሚ ገብቶ ምን ሊያደርግልን ነው?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለሆነም የዛሬው ንግግራችን በሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል። ተአምር እንሠራለን አንልም። አንድ የተቃዋሚ ተወካይ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችለውንና የማይችለውን ለይተን እንነግራችኋለን፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱ የእናንተ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የተቃዋሚው ጎራ ከ170 የሚበልጡ መቀመጫዎችን አግኝቶ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ይህ ቁጥር ወደ አንድ ወረደ። በ2007 ዓ.ም. አንድም አልቀረም። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን የእናንተን ቤት፣ ቦታና ሰፈር የሚመለከቱ ሕጎች መውጣታቸውን አላቆሙም። ለምሳሌ ነባር ይዞታዎች በሂደት ወደ ሊዝ እንዲገቡ የሚያደርገው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የጸደቀው የተቃዋሚ ፓርቲ ወንበር አንድ ብቻ በነበረበት ምክር ቤት ነው። በከተማ ይዞታ ላይ የኖረ ሰው ሁሉ የሚነካ ሕግ በእንዲህ ያለ ምክር ቤት ሲያልፍ፣ የባለይዞታውን ስጋት ቆሞ የሚናገር ስንት ሰው ሊኖር ይችል ነበር? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

አንድ ቤት እንውሰድ

የምንለውን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል አንድ ቤት እንውሰድ። በፒያሳም፣ በአራት ኪሎም፣ በሌሎች አሮጌ ከተሞቻችንም እንዲህ ዓይነት ቤት ታውቃላችሁ። በጥንት ዘመን አንድ ባለሥልጣን ወይም ነጋዴ ያሠራው፣ የእንጨት ደረጃና ሰገነት ያለው ትልቅ ቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ። ከዚያ ወዲህ በጭቃና በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ብዙ ቤተሰብ ይኖርበታል። በላዩ ተወልደው የወለዱ አሉ።

በክረምት ጣሪያው ያፈሳል። ነዋሪው ቆርቆሮ ልቀይር ቢል ፈቃድ አምጣ ይባላል። አስተዳደሩን አድስልን ቢለው በጀት የለም ይባላል። የቅርስ ባለሙያ ቢመጣ ቤቱ ታሪካዊ ስለሆነ እንዳትነኩት ይላል፤ ገንዘብ ግን አይሰጥም። እንዲህ እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ፤ ግድግዳው ያዘነብላል። በመጨረሻ አንድ ቀን «ለኑሮ የማይመች ያረጀ ቤት» የሚል ምልክት ይደረግበትና ይፈርሳል። ነዋሪዎቹ ወደ ተለያየ የከተማው ዳርቻ ይበተናሉ። ዕድሩ ይፈርሳል፤ በደጃፏ ጉሊት ይዛ ልጆች ያሳደገች እናት ደንበኞቿን ታጣለች።

ክቡራን ወገኖቻችን፣ የፈረሰው አንድ ቤት ቢሆንም በውስጡ ሦስት ጥያቄዎች ነበሩ። የነዋሪው ጥያቄ የቤት ጥያቄ ነው። የግድግዳው ጥያቄ የቅርስ ጥያቄ ነው። «ለመሆኑ ይህን የወሰነው ማን ነው? ማንስ መረጠው?» የሚለው ደግሞ የአስተዳደር ጥያቄ ነው። በምክር ቤትም እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አንድ ላይ አስተሳስረን ልንይዛቸው የፈለግነው በዚህ ምክንያት ነው።

1ኛ. ስለ ቤት

አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አድርጓል። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። አዋጁ በጊዜው የብዙ ድሃ ተከራይ ኪራይ እንዲቀንስ አድርጓል፤ ይህን አንክድም። ሆኖም ነዋሪውን ባለመብት ሳያደርገው በመቅረቱ ቤቱን የሚያድስ ባለቤት ጠፋ። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ግማሽ ምዕተ ዓመት ኪራይ እየከፈለ ዛሬም «ነገ ምን እባል ይሆን?» እያለ ይተኛል።

ከዚያ የጋራ መኖሪያ ቤት መጣ። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ወደ 450 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 እንደገና በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተመዝግቦ መቆጠብ ጀመረ። ቤት የደረሳቸው አሉ፤ እሰየው ብለናል። ከጉሮሮው ቀንሶ ለዓመታት ቆጥቦ ላልደረሰው ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበታል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ መረጃው ተነካክቶ ተገኘ ተብሎ ዕጣው መሰረዙንና በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና መውጣቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የቆጣቢው እምነት ግን እንደ ዕጣው በድጋሚ የሚወጣ አይደለም።

ተከራዩንም አንረሳም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስና ጭማሪ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ እንዲሆን ደንግጓል። አከራይና ተከራይ በቃል ሲስማሙ፣ ልዩነቱ በእጅ ሲከፈል ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀራል። አፈጻጸሙን በየጊዜው የሚጠይቅ ተወካይ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

በምክር ቤት የምንይዘው አቋም የሚከተለው ነው። የቀበሌ ቤት ነዋሪ የጽሑፍ ውል፣ የማደስ መብትና ቤቱን በረጅም ጊዜ ክፍያ የመግዛት ቅድሚያ እንዲኖረው የሕግ ሐሳብ እናቀርባለን። ለልማት የሚነሳ ሰው በተቻለ መጠን በዚያው አካባቢ እንዲሰፍር እንከራከራለን። የቆጣቢዎች መዝገብ በገለልተኛ ኦዲተር ተመርምሮ ውጤቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ እንጠይቃለን።

2ኛ. ስለ ቅርስ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 የታሪክና የባህል ቅርሶችን መጠበቅና መንከባከብ የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስ እንዴት እንደሚመዘገብና እንደሚጠበቅ በዝርዝር ይናገራል። የሕግ እጥረት የለብንም ማለት ነው። ያጣነው ሕጉ ሳይከበር ሲቀር «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ሲጀመር፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ባላት ከተማ እምብርት ላይ ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ። ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት እኛንም እንደማንኛውም ነዋሪ ያስደስተናል፤ ልማትን የሚጠላ ሰው በመካከላችን የለም። ተቃውሟችን በአፈጻጸሙ ላይ ነው። የትኛው ቤት ቅርስ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ዝርዝሩ አስቀድሞ በየወረዳው ተለጥፎ ሕዝብ ተወያይቶበታልን? ነዋሪው ለመነሳት በቂ ጊዜ ነበረውን? ይህን በይፋ ጠይቆ በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ላይ መልሱን ማስመዝገብ የተወካይ ሥራ ነው።

ቅርስና ኑሮ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ከራሳችን አገር ማስረጃ አለን። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የሐረር ጁገል ሰው የሚኖርባት፣ የሚነግድባትና የሚዳርባት ከተማ ናት። ቅርስ ማለት የግድ ሰው የማይገባበት ሙዚየም አይደለም። በአሮጌ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ቤቱን እንዲያድስ ብድርና የባለሙያ ምክር ቢሰጠው፣ ከማንም በላይ የቅርሱ ጠባቂ እርሱ ይሆናል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ከተማ የቅርስ ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ ይሁን፤ ከከተማው ማስተር ፕላን ጋርም ይያያዝ። ሁለተኛ፣ በዝርዝሩ ላይ ያለ ቤት ከመፍረሱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ አስተያየት በጽሑፍ ይቅረብ፤ ነዋሪውም ይሰማ።

3ኛ. ስለ ከተማ አስተዳደር

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 አዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላት ይናገራል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በተግባር ያየነውስ ምንድን ነው?

በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ከ138 የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። ያ ምክር ቤት ግን ሥራ ሳይጀምር ቀረ፤ ከተማዋም በ1998 ዓ.ም. በተሰየመ ባለአደራ አስተዳደር ሥር ገብታ እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ቆየች። በ2005 ዓ.ም. የተመረጠው ምክር ቤት ዘመኑ በ2010 ዓ.ም. ሲያበቃ ምርጫው ተራዝሞ እስከ 2013 ዓ.ም. ደረሰ። በዚያው በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ይገባው የነበረው የሌሎች ከተሞችና ወረዳዎች የአካባቢ ምርጫም ተራዝሟል።

ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? ቤታችሁ ላይ ቀይ ቀለም የሚቀባው፣ ለቆሻሻና ለውኃ የምታመለክቱት፣ መታወቂያ የሚሰጣችሁ ሰው ሥልጣኑን ያገኘው ከላይ በሹመት ከሆነ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሾመው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ነዋሪው የወረዳውን ሹም በድምፁ ማንሳት የሚችል ቢሆን ኖሮ፣ አጥሩን ከመነቅነቁ በፊት በር ያንኳኳ ነበር።

የአዲስ አበባ ቻርተር በፌዴራሉ ምክር ቤት የወጣ ሕግ ነው። ስለሆነም የከተማዋን ሥልጣን የሚያሰፋም የሚያጠብም ማሻሻያ የሚመጣው እናንተ በምትልኩት ተወካይ ፊት ነው። የአካባቢ ምርጫ በየጊዜው እንዲካሄድ፣ የምክር ቤቶች ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ ከነዋሪው የሚሰበሰበው ግብር በምን ላይ እንደዋለ በየወረዳው እንዲለጠፍ እንከራከራለን።

የምንችለውና የማንችለው

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አንድ ወንበር አዋጅ ብቻውን አያጸድቅም፤ አይሽርምም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የምክር ቤቱ አባላት አንድ ሦስተኛ ሲጠይቁ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ ውይይት ሊደረግ ይችላል፤ የ547 አንድ ሦስተኛ 183 ያህል ነው። አዲስ አበባ ያላት መቀመጫ 23 ብቻ ነው። ስለዚህ ብንመረጥ በማግሥቱ ሁሉም ነገር ይለወጣል ብለን አናታልላችሁም።

ነገር ግን አንድ ወንበር ሚኒስትሩን ፊት ለፊት ሊጠይቅ ይችላል። በቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ ረቂቁን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሊመረምር ይችላል። የተቃውሞ ድምፁን ከነምክንያቱ ሊያስመዘግብ ይችላል። እናንተም «እኛ አልሰማንም ነበር» ከሚል ባለሥልጣን ጋር ስትሟገቱ የምትጠቅሱት ቃለ ጉባኤ ይኖራችኋል። አንድ ወንበር ሃያ ሲሆን ደግሞ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለው ነው።

በበኩላችን ይህን ቃል እንገባለን። የሚመረጠው ተወካያችን በወር አንድ ጊዜ በምርጫ ክልሉ ተገኝቶ በግልጽ ስብሰባ ሕዝብ ያነጋግራል። በምክር ቤቱ የጠየቀውን፣ የተመለሰለትንና ድምፅ የሰጠበትን በየስድስት ወሩ በጽሑፍ ያሳውቃል። የዕድር፣ የነዋሪዎችና የቆጣቢዎች ኮሚቴዎች የሚያቀርቡትን ጥያቄ ሳይቆርጥ ያደርሳል። ይህን ካላደረገ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳ እንደሚችል ደንግጓል፤ እኛም በዚህ መብታችሁ እንድትጠቀሙ ቀድመን እንጋብዛችኋለን።

ውድ መራጮች፣

ከዚህ ስትወጡ ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ወደ ቀበሌ ቤት፣ አንዳንዶቻችሁ ወደ ኪራይ፣ አንዳንዶቻችሁም ገና ዕዳው ተከፍሎ ወዳላለቀ ኮንዶሚኒየም። በመንገዳችሁ ላይ ያለውን አሮጌ ቤት እዩት፤ ማን እንደሚኖርበት፣ ማን እንዳሠራው፣ ማንስ ሊያፈርሰው እንደሚችል አስቡ። ካርዳችሁን በጥንቃቄ ያዙ፤ በምርጫው ዕለት ማልዳችሁ ተሰለፉ፤ ቆጠራውን በሕግ አግባብ ተከታተሉ። ድምፃችሁን ለማን እንደምትሰጡ የምትወስኑት እናንተ ብቻ ናችሁ። ለእኛ ብትሰጡን ግን በምክር ቤቱ ውስጥ ስለ ቤታችሁ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይኖራችኋል።